ለሌባ የተቆለፈው በር፦ የ2017ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ የልደታ ኮንዶሚኒየም

ከመስከረም እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደጋግማ ተነቃንቃለች። ፎቅ አልወደቀም። ስለዚህ ብዙ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን ባይረሳ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ልደታ አካባቢ በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በእነዚያ ወራት የታየው ነገር፣ መንቀጥቀጡ ጠንከር ብሎ ቢመጣ ኖሮ ሰው በምን በምን ይሞት እንደነበር ቁልጭ አድርጎ አሳይቶናል። የብሎካችን ኮሚቴ ፀሐፊ ስለሆንኩ ነገሩን ከቅርብ ተከታትያለሁ። እዚህ የምጽፈው የሆነውን፣ ከዚያ በኋላ ያደረግነውንና እስካሁን ያልፈታነውን ነው። የግቢውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልበለው። ደህንነት ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ሌባ ነው። በር፣ ቁልፍ፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ ዘበኛ። ይሄ ሁሉ የተሠራው ሰው እንዳይገባ ነው። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ መውጣት ሲፈልግ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አላሰበበትም። የሀገር ደህንነት የሚባለው ትልቅ ነገርም ቢሆን መጨረሻው የሚታየው እዚህ ይመስለኛል፤ በሌሊት ከቤቱ የወጣ ሰው የት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚቆጥረው ማወቁ ላይ።

ምን ተፈጠረ

እሁድ መስከረም 26 ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳ፣ በሬክተር ስኬል 4.9 የተለካ መንቀጥቀጥ ከተማችን ድረስ ተሰማ። እራት ሰዓት ነው። ላይኛው ፎቅ ያሉ ሰዎች አምፖሉ ሲወዛወዝ አዩ፣ ምድር ቤት ያሉት ደግሞ ምንም አልተሰማቸውም። በርካታ ሰው ከፎቅ ወርዶ መንገድ ላይ ቆመ። የእኛ ግቢ በር በዚያ ሰዓት ክፍት ስለነበር ችግር አልገጠመንም። "አለፈ" ተባብለን ወደየቤታችን ገባን።

ቀጥሎ ባሉት ወራት ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት ተራሮች መካከል መሬቱ መንቀጥቀጡን አላቋረጠም። እዚያ ያሉት ሰዎች ላይ የደረሰው ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ቤት ፈርሷል፣ መንገድ ተሰንጥቋል፣ 80 ሺህ ገደማ ሰው ለአደጋ ተጋልጧል ተብሎ ብዙዎች ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ተደርገዋል። ቅዳሜ ታህሳስ 26፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 9፡52 ላይ 5.8 የሆነው መጣ። አርብ የካቲት 7 ደግሞ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ 6.0 የተለካው። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ያለ ቢመስልም ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት 32 ጊዜ ገደማ ይበልጣል።

ምክንያቱን የሳይንስ ሰዎች በሳተላይት ጭምር አይተውታል። ማግማ የሚባለው የቀለጠ አለት ከመሬት በታች በቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ወደ ጎን እየገፋ ሲሄድ ነበር፣ በላዩ ያለው አለት ደግሞ እየተሰነጠቀ ይንቀጠቀጣል። በአፋር ዳባሁ አካባቢ በ1998 መስከረም ላይ የታየውና ወደ 60 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው ስንጥቅም የዚሁ ዓይነት ነበር። ስምጥ ሸለቆው እየተከፈተ ነው፣ ሥራው ይሄ ነው። እኛ ከቦታው በቀጥታ መስመር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እንርቃለን።

ርቀቱ ያጽናናል፣ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባም ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ፍል ውሃን የሚያውቅ ሰው ይሄን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳበው ያ ሙቅ ውሃ የሚወጣው ከተማዋን በሚያቋርጥ የመሬት ስንጥቅ በኩል ነው። ታሪክም አለ። ነሐሴ 1898 ላይ ላንጋኖ አካባቢ ተነስቷል የሚባለው ትልቅ መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶ ሰዉን አሸብሯል። ያኔ ከተማዋ ሃያ ዓመት ገደማዋ ነበር፣ ፎቅ ቤት በጣት ይቆጠራል። በ1953 በሰሜን ሸዋው ካራ ቆሬ አካባቢ (የአዲስ አበባው ሰፈር አይደለም) የደረሰው ማጀቴን አፈረሰ። በ1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ያለችው ሰርዶ ፈረሰች፣ ሰውም ሞተ። አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩት ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ መሬቱን ሲያዳምጥ የኖረው በከንቱ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው። መንቀጥቀጥ በሁሉም ሰፈር እኩል አይሰማም። ጠንካራ አለት ላይ ያለ ቤት ትንሽ ሲነቃነቅ፣ ለስላሳ ጥቁር አፈር ላይ ያለው ብዙ ይወዛወዛል። ፎቅ ሲጨምርም እንደዚያው። ስለዚህ ጎረቤትህ "እኔ ምንም አልተሰማኝም" ሲልህ ውሸታም አይደለም፣ አንተም ፈሪ አይደለህም።

ታህሳስ 26 ሌሊት

የግቢያችን ዋና በር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ሁለተኛው በር፣ በኋላ በኩል ያለው፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ስፖኪዮና የውሃ ቆጣሪ ተሰርቆ ሰዉ ስለተማረረ በብየዳ ተዘግቷል። ያኔ ሁሉም ተስማምቶበት ነው። ዘበኛው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ነው የሚያድረው፣ ሌላ ቁልፍ የለም። በየፎቁ ኮሪደር መግቢያ ላይ ደግሞ ነዋሪዎች በራሳቸው ወጪ ያሠሩት የብረት በር አለ፣ እሱም ማታ ማታ ይቆለፋል።

ከሌሊቱ 9፡52 ላይ አልጋው ሲወዛወዝ ሰዉ ተነሳ። መብራት ነበር። ጥሩ ነበር መብራት መኖሩ፤ ባይኖር ደረጃው ላይ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ሰዉ ልጁን አቅፎ፣ ግማሹ በባዶ እግሩ፣ ወደ ደረጃው ሮጠ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮሪደሩ የብረት በር ቁልፍ ወዲያው አልተገኘም። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ለገና ወደ ቤተሰቦቹ ሄዷል፣ ሌሎቹ ቁልፎች የት እንደገቡ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ማን ያስታውስ። በሩ ጀርባ ልጆች ሲያለቅሱ ከታች ይሰማ ነበር። ደረጃው ላይ አንዲት እናት ተገፍተው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። በዚያ ሌሊት በግቢያችን የተጎዳ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ የጎዳቸውም መንቀጥቀጡ አይደለም። ሩጫው ነው።

ከታች የደረሰው ሰው ዋናው በር ጋ ተከመረ። ዘበኛው ራሱ ደንግጦ ቁልፉን ሲያወጣ ጣለው። ከመኪና ሥር ገብቶ በስልክ መብራት ተፈለገ። በዚህ መሃል መሬቱ ድጋሚ ቢነቃነቅ ሁላችንም የቆምነው የት ነበር? በአጥሩ የድንጋይ ግንብና በመጀመሪያው ብሎክ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ። በላያችን በረንዳ፣ አበባ ማስቀመጫ፣ ዲሽ፣ የልብስ ማድረቂያ ብረት። የደረጃው ጣሪያ ላይ ደግሞ በውሃ የተሞሉ ሮቶዎች። አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ይመዝናል፣ የእኛዎቹ ከምንም ነገር ጋር አልታሰሩም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለዓመታት አልጋ ላይ ያሉ እማማ አሉ። ልጃቸው ትጦራቸዋለች። ሁሉም ሰው ሲወርድ ልጅቱ እናቷን ትታ መውረድ አልቻለችም፣ ብቻዋን ተሸክማም አትወርድም፤ በሩን ከፍታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እየጸለየች ነጋ። ግቢው ውስጥ ጋቢ ለብሶ ከቆመው ሰው መካከል "እነሱስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው የተገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው። ክፋት አይደለም። በዚህ ግቢ ሰው ሲሞት ድንኳን እስኪተከል አንድ ሰዓት አይፈጅም። ግን እንዲህ ባለ ሌሊት ማን ማንን እንደሚያይ ቀድሞ የተነገረ ነገር ስላልነበረ ሁሉም ሌላው ያያቸዋል ብሎ አሰበ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ቴሌግራም ላይ "ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከዚህ የባሰ ይመጣል፣ ማንም ቤት እንዳይገባ" የሚል መልዕክት እየተቀባበለ ስልካችን ውስጥ ገባ። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። መቼ እንደሚመጣ ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ በዓለም ላይ የለም፣ ይሄ ዛሬም ሊደጋገም የሚገባው ነገር ነው። ባለሙያ የሚናገረው ስለ ዕድልና ስለ አካባቢ ነው፣ ስለ ሰዓት አይደለም። ግን በዚያ ሌሊት ይሄን የሚነግረን፣ እኛም የምናምነው ሰው አጠገባችን አልነበረም። በታህሳስ ብርድ ሕፃናት እስኪነጋ ውጭ ቆዩ። የተከፈቱ ቤቶችን የሚጠብቅም ሰው አልነበረም። ዕቃ አልጠፋም፣ ግን ሊጠፋ ይችል ነበር፤ ወሬ ከቤት ያወጣውን ሰው የሚጠብቅ ሌባ የትም ከተማ አለ።

በዕድሩ ስብሰባ

የተነጋገርነው ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው፣ በዕድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ። የኮሚቴ ስብሰባ ብንጠራ የሚመጣው ሩብ ሰው ነው። ዕድር ግን ቅጣት ስላለው ሁሉም ይመጣል፣ ስለዚህ አጀንዳውን እዚያ ይዘን ሄድን።

የዕድሩ ዳኛ አዛውንት ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ነገሩን ቀለል አድርገው ያዩት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን መዝገቡን አስወጡና "ይሄ ምንድነው?" አሉ። የእያንዳንዱ አባወራ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ። "ሰው ሲሞት ለማወቅ የያዝነው ነው፤ በሕይወት እያለ ለምን አንጠቀምበትም?" ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነበር። ትልቅ ድንኳን አለን። ወንበር፣ የውሃ በርሜል፣ ብረት ድስት፣ የድንገተኛ ጊዜ ገንዘብ፣ ጡሩምባ። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሁለት ቀን ውጭ ማደር ቢኖርበት የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ ልደታ መሃል በአንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ይሄን ሳስብ በጣም ነው የገረመኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ የሌለው ሰፈር የለም ማለት ይቻላል።

በመዝገቡ ላይ አንድ አምድ ጨመርን፤ ሲወርድ እርዳታ የሚፈልግ ሰው። አልጋ ላይ ያለ፣ ነፍሰ ጡር፣ ዓይኑ የማያይ፣ ኦክስጅን የሚጠቀም፣ ቀን ቀን ከሠራተኛ ጋር ብቻውን የሚውል ሕፃን። ለእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሁለት ጎረቤት ስም ተጻፈ። ጎረቤቶቹ ራሳቸው እጃቸውን አውጥተው ነው። አራተኛ ፎቅ ላሉት እማማ አራት ወጣቶች ተመደቡ። እንዴት ይወርዳሉ የሚለው ሲነሳ፣ ገጠር ያደጉት ሽማግሌዎች ወዲያው መለሱት። ሁለት የድንኳን ቋሚ፣ መሃሉ ላይ ጋቢ፣ ቃሬዛ ማለት ነው። እዚያው ሠርተው አሳዩን። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ መታጠፊያው ላይ እንዴት እንደሚዞር ግን በተግባር መሞከር ነበረበት፣ ወጣቶቹ አንዱን ጓደኛቸውን ተሸክመው ሲለማመዱ ዋሉ።

የበሩ ጉዳይ ብዙ አከራከረ። በኋላ በኩል ያለው ይከፈት ስንል "ሌባ ልትጠሩብን ነው?" ያሉ ነበሩ። ልክ ናቸው። የተሰረቀባቸው እነሱ ናቸው፣ ስጋታቸውም ባዶ አይደለም። አንድ ሰዓት ከተከራከርን በኋላ መፍትሄውን የሰጠን በያጁ ነው። ከውስጥ በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ፣ ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ከውጭ እጅ ገብቶ እንዳይደርስበት በዙሪያው ላሜራ የተበየደበት። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ደወልም አለው። ለሁለቱም የግቢ በሮችና ለየፎቁ የብረት በር እንዲህ ዓይነት ተሠራ። ወጪው ከዕድሩና ከኮሚቴው ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ ሌባ አልገባም። የመስኮት ፍርግርግ ያላቸው ቤቶች ቢያንስ አንዱን መስኮት ከውስጥ እንዲከፈት አድርገው እንዲያሠሩ ጠይቀናል፣ ጥቂቶች አድርገውታል። ይሄ ለእሳትም ነው። እንዲያውም በእኛ ከተማ ለእሳት ይበልጣል።

አንድ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት

ሰዉን ማሳመን የከበደን ግን ሌላ ነገር ነው፤ አለመሮጥ።

መሬት ሲነቃነቅ ደመ ነፍስህ ውጣ ይልሃል። አብዛኛው መንቀጥቀጥ ግን የሚቆየው ሰከንዶች ነው። ከአራተኛ ፎቅ ተሮጦ መሬት ሳይደረስ ያልቃል፤ በዚያ መሃል የምትገኘው ደረጃ ላይ ነው፣ ወይም ከሕንፃው ስር ብርጭቆና ብሎኬት በሚወድቅበት ቦታ። ስለዚህ መንቀጥቀጡ እያለ ያለህበት ቤት ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር መግባት፣ ጭንቅላትንና አንገትን መሸፈን፣ የጠረጴዛውን እግር መያዝ። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከቡፌ ርቆ ግድግዳ ጥግ መንበርከክ። አልጋ ላይ ከሆንክ እዚያው ሆነህ በትራስ ጭንቅላትህን መሸፈን። ሲቆም ጫማ ማድረግ፣ ቡታ ጋዙን መዝጋት፣ ከሰል ካለ ማጥፋት፣ ከዚያ በእርጋታ መውረድ። ምድር ቤት በሩ አጠገብ ያለህና ፊት ለፊትህ ሜዳ ከሆነ ውጣ፣ እሱ ሌላ ነው።

"ቤቱ ላያችን ላይ ቢወድቅስ?" የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ከባድ ጥያቄ ነው። ቱርክ ላይ በ2015 ጥር የሆነውን ሁሉም በቴሌቪዥን አይቷል፤ ቱርክ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው በፈረሱ ሕንፃዎች ስር ነው። በደንብ ያልተሠራ ሕንፃ ውስጥ ጠረጴዛ ብዙ አያድንም። ግን በሩጫም ቢሆን ከዚያ ዓይነቱ ሕንፃ በሰከንዶች ውስጥ አይወጣም። ለዚያ መፍትሄው ቀድሞ ሕንፃውን ማየት ነው፣ ስለሱ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ለቀሪው የረዳን የከተማው ኑሮ ራሱ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ቤት የሞላ ጀሪካን አለ። መብራት ስለሚጠፋ የባትሪ መብራት አለ። ያልነበረው መታወቂያ፣ የቤት ካርታ ኮፒ፣ መድኃኒትና ትንሽ ጥሬ ገንዘብ በአንድ ቦርሳ በር አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ቡፌና ቁምሳጥን በፊሸርና በብሎን ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው። የልጆች አልጋ በላዩ ላይ ከባድ ነገር እንዳይኖር ማየት ነው። ይሄን በየቤቱ እየዞሩ የሠሩት የግቢው ወጣቶች ናቸው፣ ክፍያ አልጠየቁም።

ለወሬውም መላ አበጀን። የግቢው የቴሌግራም ገጽ ላይ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጽፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ አስተማሪ ናት፣ አንዱ ነርስ። እነሱም የሚጽፉት የጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩቱ ወይም የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽኑ የተናገረውን ነው። ሌላ የመጣ ወሬ ካለ ለእነሱ ይላካል፣ ለግቢው አይላክም። ቤተሰብ ለመፈለግ ደግሞ ከመደወል ይልቅ አጭር መልዕክት መላክ፣ ምክንያቱም ሁሉም ባንዴ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል። 939 ለእሳትና ለአደጋ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ለፖሊስ። ቁጥሮቹ በየደረጃው መግቢያ በቀለም ተጽፈዋል።

የካቲት 7

6.0 የሆነው ሲመጣ ከተለማመድን ብዙም ጊዜ አላለፈም ነበር። የተሠራው ሁሉ ሠርቷል ብል ውሸት ይሆናል። ብዙ ሰው አሁንም ሮጧል። በተለይ አባቶች፤ ልጅ ታቅፎ ዝቅ ማለት እጅ መስጠት የሚመስላቸው አሉ። ግን የኮሪደር በሮቹ በሙሉ ተከፈቱ፣ ሁለቱም የግቢ በሮች ተከፈቱ፣ ደረጃ ላይ የወደቀ የለም። ሰዉ ከአጥሩ ሥር ሳይሆን በመኪና ማቆሚያው ክፍት ጥግ ቆመ። በየፎቁ የተመረጠው ሰው የራሱን ፎቅ ቆጠረ። አራቱ ወጣቶች መንቀጥቀጡ ሲቆም ወደ ላይ ወጡ። እማማ "አሁን አልወርድም፣ ከመጣችሁልኝ ይበቃኛል" አሏቸው፣ እነሱም ሌላ መንቀጥቀጥ ከመጣ ብለው ሌሊቱን በየተራ ከልጅቱ ጋር አደሩ። የቴሌግራም ወሬ ያኔም መጥቶ ነበር። አስተማሪዋ በሁለት መስመር መለሰችለት፣ ከዚያ ሰዉ ወደ ቤቱ ገባ። ሕፃናት ብርድ ላይ አላደሩም።

ዘበኛው እንደ መጀመሪያው ሌሊት አልደነገጠም። ሥራው ተነግሮት ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ የግቢው ሰው ያልሆነ እንዳይገባ ማየት። የመውጣቱ ነገር በእሱ ኪስ ውስጥ ስላልሆነ የመጠበቁን ሥራ በደንብ ሠራ።

ሕንፃውስ?

ኢትዮጵያ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን የሕንፃ ኮድ አላት። የ1987ቱ ነበር፣ ከዚያ በአውሮፓ ደንብ ላይ የተመሠረተው አዲሱ መጣ፣ አዲሱ አዲስ አበባን ከቀድሞው ከፍ ባለ የስጋት ደረጃ ላይ አስቀምጧታል። የሕንፃ አዋጅም አለ። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ኮንክሪቱ ሲሞላ ማን አየው፣ ከዚያ በኋላስ ነዋሪው ምን አደረገበት የሚለው ነው።

አንድ የግቢያችን ልጅ ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ብሎኩን ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አየልን። ልስን ላይ ያለ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ብዙም አያስፈራም አለ። የሚያስፈራው ኮለን፣ ማለትም ሕንፃውን የተሸከመው ምሰሶ ላይ ያለ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ሰያፍ ወርዶ በኤክስ ቅርጽ የተሻገረ ስንጥቅ ነው። የተገኙትን በሙሉ ጫፍ ጫፋቸው ላይ በእርሳስ መስመርና ቀን ጻፈባቸው፣ መስመሩን ካለፉ እየሰፉ ነው ማለት ነው። ሮቶዎቹ በብረት ማዕቀፍ ታሰሩ፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ መሬት ወረዱ።

ሌላ ቦታ ግን ተቸግረናል። ምድር ቤቱ ንግድ ቤት ነው፣ በልደታ ዋጋው ውድ ነው፣ ሁሉም ማስፋት ይፈልጋል። አንዱ ባለሱቅ ሁለት ክፍሎችን ለማገናኘት የመሃሉን የብሎኬት ግድግዳ አፍርሶታል። ግድግዳው ሸክም ባይሸከምም፣ ላይኛዎቹ ፎቆች በግድግዳ ተሞልተው ታችኛው ባዶ ሲሆን በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንቅስቃሴው በሙሉ እዚያ ባዶው ፎቅ ላይ ይከማቻል። በብዙ አገር ሕንፃዎች የተንበረከኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ባለሱቅ ደግሞ የውሃ ቧንቧ ለማሳለፍ ኮለኑን ነድሎ ውስጡ ያለው ፌሮ ይታያል። መሐንዲሱ ይሄን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

ባለሱቆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንደኛው "ሲፈርስ ያየ ሁሉ ዝም ብሎኝ ነው የቀረው" አለን፣ እውነቱን ነው፣ አይተን ዝም ብለናል፤ የሰው ንግድ ውስጥ መግባት ነውር ይመስለናል። ኮለኑን የነደለው ወዲያው ተስማምቶ በባለሙያ አስጠግኖታል። ግድግዳውን ያፈረሰው ግን መልሶ ቢገነባ ሱቁን እንደገና ለሁለት መክፈል አለበት፣ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ተከራዩም ውል አለው። ኮሚቴው ማስገደድ አይችልም። ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ አስገብተናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። በበኩላችን ያቀረብነው ሐሳብ ግድግዳው ወደ ቦታው ይመለስ፣ ለጎደለበት የኪራይ ገንዘብ ብሎኩ ለተወሰነ ጊዜ ያዋጣ የሚል ነው። ስልሳ ቤተሰብ ተኝቶ የሚያድረው በዚያ ባዶ ፎቅ ላይ ስለሆነ መዋጮው ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሹ ነዋሪ ተስማምቷል። ሌላው ግማሽ "እሱ ላፈረሰው እኛ ለምን እንከፍላለን?" ይላል። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ ድምፅ እንሰጥበታለን።